የመጨረሻ የመጨረሻው

በለቡ አንድ የእግር ኳስ ማሊያ ሁለት ዋጋ አለው፤ የሚጠራውና የሚከፈለው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት እንደ ሻጩ ድፍረት፣ እንደ ገዢው ጫማ፣ እንደ ሰዓቱና አርሰናል በሳምንቱ መጨረሻ እንዳመጣው ውጤት ይሰፋል፣ ይጠባል። ርቀቱን ለማጥበብ ሻጭና ገዢ የሚገጥሙት ነገር ክርክር ይባላል። በክርክሩ ከሚነገረው አብዛኛው እውነት አይደለም። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ፤ ይሁንና አንዱ ሌላውን ውሸታም አይለውም። ያ ቃል ከአፍ ከወጣ ጉዳዩ ከዋጋ አልፎ ሌላ ነገር ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ሌላው ነገር ምን እንደሆነ ወደ በኋላ ይመጣል።

ለቡ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ ያለ ሰፈር ነው። ማሳ የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ዛሬ አፓርታማውና ኮንዶሚኒየሙ ተደርድሮበታል፤ የፎቆቹ ምድር ቤት ለሱቅ ተከራይቷል፤ አመሻሹ ላይ ደግሞ የእግረኛው መንገድ ሸራ ዘርግተው በሚሸጡ ሰዎች ይሞላል። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር የሚነሳበት የፉሪ ለቡ ጣቢያም በዚሁ አቅጣጫ ነው። መስመሩ በ2009 ዓ.ም ተመርቆ በ2010 ዓ.ም መደበኛ ሥራ ጀምሯል። ጣቢያው ለማሊያ ነጋዴ ያበረከተው ትልቁ ነገር ታሪክ ነው፤ ዕቃው ከየትም ይምጣ፣ በዚህ ሰፈር ‹‹ከድሬዳዋ የገባ ነው›› ማለት ከሌላው ሰፈር ይልቅ አፍ ላይ ይቀላል።

ማሊያ ከቡቲክ፣ ከመንገድ ዳር ሸራ፣ ከሰልባጅ ክምርና ከቴሌግራም ይገዛል። ቡቲኩ መስታወትና መስቀያ ስላለው ኪራዩንም መብራቱንም ዋጋው ውስጥ ይከታል፤ ‹‹ቁርጥ ዋጋ›› የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ ቢለጠፍም ወረቀቱ የሚሠራው ላልጠየቀ ሰው ነው። ቴሌግራም ላይ ‹‹ድርድር አለው›› ተብሎ በግልጽ ስለሚጻፍ ክርክሩ ገና ሳይጀመር ግማሹ ያልቃል፤ ለዚህ ጽሑፍም ብዙ የሚሰጠው ነገር የለም። ትክክለኛው ክርክር ያለው ሸራው ላይ ነው። እዚያ መብራቱ ደካማ ነው፤ መስታወት የለም፤ ማሊያው የሚለካው ሸሚዝ ላይ ተደርቦ ነው፤ አላፊ አግዳሚውም አስተያየቱን በነፃ ይሰጣል።

ክርክር የሚጀመረው ባለመፈለግ ነው። ገዢው ልቡ የሄደበትን ማሊያ ትቶ አጠገቡ ያለውን ያነሳል፤ ያገላብጣል፤ ይጥላል፤ ከዚያ እንደ ዋዛ ‹‹ይሄስ?›› ይላል። የለመደ ሻጭ የሚያየው እጁን አይደለም፤ ዓይኑን ነው። መጀመሪያ ያረፈበትን ማሊያ ልብ ብሏል፤ ዋጋውንም እዚያው ጨምሮበታል። ከዚህ በኋላ የሚሆነው በሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው።

‹‹ስንት ነው?››

‹‹አንድ ሺህ ስምንት መቶ።››

‹‹ኧረ ባክህ!››

‹‹ላንተ ብዬ እኮ ነው ወንድሜ፤ ሁለት ሺህ ነው የምሸጠው።››

‹‹የመጨረሻው ስንት ነው?››

‹‹አንድ ስድስት መቶ።››

‹‹የመጨረሻ የመጨረሻው?››

‹‹አንተስ ስንት ትላለህ?››

‹‹ስምንት መቶ።››

‹‹በስምንት መቶማ ጨርቁም አይመጣም! ጨምርበት።››

ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተቀመጡ ናቸው፤ የብር ነገር ከዓመት ዓመት ስለማይረጋ ከዚህ ላይ ትምህርት የሚወስድ ሰው ቢኖር ቅደም ተከተሉን ብቻ ይያዝ። የመጀመሪያው ‹‹የመጨረሻ›› የሁለተኛው መነሻ ነው። የሁለተኛውም ለሦስተኛው ቦታ ይለቃል። ልምድ ያለው ገዢ የተጠራውን ግማሽ ወይም ከግማሽ በታች ይሰጣል፤ ልምድ ያለው ሻጭም ይህን አስቦ ከመሸጫው እጥፍ ይጠራል፤ ገዢውም ሻጩ እንደዚያ እንደሚያደርግ ስለሚያውቅ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ሁለቱም ባይተዋወቁ ኖሮ በመጀመሪያው ቃል ይስማሙ ነበር።

መሐላ የሚመጣው ዋጋው መሀል ላይ ሲደርስ ነው። ‹‹ማርያምን፣ ከመጣሁበት አይወጣም›› የሚል አለ፤ ‹‹ወላሂ፣ ዋናዬን ነው የነገርኩህ›› የሚልም አለ፤ ‹‹እናቴ ትሙት›› የሚለው ከሁሉም ይበዛል። የማለ ሻጭ ከደቂቃ በኋላ ሁለት መቶ ብር ሲቀንስ ገዢው ስለ እናቱ ጤንነት አይጠይቅም። መሐላው ስለ ዋጋ ብቻ የተማለ ስለሆነ ከዋጋው ጋር አብሮ ይወርዳል። ገዢውም በበኩሉ ይምላል፤ ‹‹ኪሴ ያለው ይሄው ነው›› ብሎ አንዱን ኪስ ብቻ ይገለብጣል፤ ሌላኛውን እንዲገለብጥ የሚጠይቀው የለም፤ መጠየቅም ነውር ነው።

ስያሜውም ከዋጋው ጋር ይለዋወጣል። ክርክሩ ሲጀመር ገዢው ‹‹ወንድሜ›› ወይም ‹‹ብሮ›› ነው፤ ለልጃቸው ሊገዙ የመጡ ሴት ከሆኑ ‹‹ማዘር›› ይባላሉ፤ ጠና ያሉ ሰው ከሆኑ ‹‹ፋዘር››፣ ሻጩ ጨዋ ከሆነ ‹‹ጋሼ››። ዋጋው ሲጠብ ‹‹የኔ እናት›› ይመጣል። ስምምነቱ ሲደርስ ‹‹ደንበኛዬ›› ይሆናል፤ ያ ሰው ከዚያ በፊት በዚያ ሸራ በኩል አልፎ የማያውቅ ቢሆንም። ስምምነቱ ከፈረሰ ግን ዝምድናው ሁሉ ባንድ ጊዜ ይጠፋና ‹‹ተወው፣ ሂድ›› ብቻ ይቀራል። ከእነዚህ ገዢዎች ሁሉ ሻጭ የሚፈራው እናቶችን ነው። የማሊያውን ቁጥርና የተጫዋቹን ስም አያውቁም፤ የጨርቁን ስፌት ግን ገልብጠው ያያሉ፤ ‹‹ይሄ አንድ ቀን ታጥቦ ምን ሊሆን ነው?›› ብለው ይጠይቃሉ፤ ስለ ቡድኑ ውጤት የሚነገራቸው ሁሉ አይገባቸውም። የደጋፊነት ድክመት የሌለበትን ሰው ማስከፈል ከባድ ነው።

ከክርክሩ ክፍሎች ሁሉ ብልሃት የሚጠይቀው መሄድ ነው። ገዢው ማሊያውን አጣጥፎ ያስቀምጣል፤ ‹‹በል እሺ፣ ሌላ ጊዜ›› ይልና ይራመዳል። መሮጥ የለበትም፤ መዘግየትም የለበትም፤ ዞሮ ማየት ደግሞ ፈጽሞ የለበትም። ሻጩ እርምጃውን ይቆጥራል። ቶሎ ከተጣራ ትርፉ ትልቅ እንደነበር ያሳብቅበታል፤ ከዘገየ ደግሞ ገዢው ታክሲ ይይዛል። ብዙውን ጊዜ ‹‹እሺ ና፣ ና ውሰድ!›› የሚለው ድምፅ የሚመጣው ሁለቱም ተስፋ ሊቆርጡ ሲሉ ነው። ካልመጣ ግን ገዢው እውነተኛውን የመጨረሻ ዋጋ በራሱ ኩራት ከፍሎ አውቋል ማለት ነው። ተመልሶ መምጣት ይቻላል፤ ሥርዓት ግን አለው። ብሎኩን ዞሮ፣ ጓደኛ ይዞ፣ ማሊያውን ለጓደኛው የሚያሳይ መስሎ መምጣት ነው። ሻጩ ያውቀዋል። የማያውቀው መስሎ ያስተናግደዋል። ይህ በከተማው ውስጥ ከሚደረጉ ትሕትናዎች አንዱ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ይህን ሁሉ ያሳጥረዋል፤ ‹‹ደንብ መጣ!›› የሚለው ጥሪ። ደንብ አስከባሪዎች ከአደባባዩ በኩል ብቅ ሲሉ ሸራው በአራት ማዕዘኑ ተይዞ ይነሳል፤ ሩብ ሰዓት ሲያከራክር የነበረው ዋጋም በአንድ ትንፋሽ ይወርዳል። ገዢው ማሊያውን በእጁ፣ ብሩን በሌላ እጁ ይዞ ከሻጩ ጋር ሲሮጥ የሚታይበት ጊዜ አለ። እንዲህ ባለ ጊዜ የተከፈለ ዋጋ ከሁሉም ለእውነቱ የቀረበ ነው፤ ለመዋሸት ትንፋሽ ያስፈልጋልና።

ድምፅ የሌለበት ክርክርም በአገሩ አለ። በሶማሌ ክልል የከብት ገበያዎች ገዢና ደላላ እጃቸውን በጨርቅ ሸፍነው በጣቶች ብቻ ዋጋ ይነጋገራሉ፤ አጠገባቸው የቆመው ሰው ፊታቸውን እንጂ ቁጥሩን አያይም። የለቡ ክርክር የዚያ ግልባጭ ነው። ቁጥሩን ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፤ የሚደበቀው ፊት ነው።

ከዚህ በላይ የተገለጸው ሁሉ የዋጋ ውሸት ነው። ማንንም አይጎዳም፤ ሁለቱም ወገን እኩል ይዋሻል፤ ልኩም ይታወቃል። የዕቃ ውሸት ግን ሌላ ነው። አዲስ አበባ ይህን ልዩነት ከማሊያ በፊት ከምግብ ተምራዋለች። ቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ በርበሬ ውስጥ ሸክላ፣ እንጀራ ውስጥ ሳጋቱራ ተገኘ ሲባል ሰው የተቆጣው ዋጋው ስለበዛ አልነበረም። ቅቤ ሻጯ ኪሎውን ከመሸጫዋ እጥፍ ብትጠራ ኖሮ ‹‹አበዛሽው›› ተብላ ትታለፍ ነበር። ዋጋ አብዝታ ቅቤ የሸጠች ነጋዴ ናት፤ ዋጋ ቀንሳ ሙዝ የሸጠች ግን ፖሊስ ይፈልጋታል። ውሸታም የሚለው ቃል ከአፍ የሚወጣውም እዚህ ላይ ነው።

በማሊያ ገበያ የዕቃ ውሸት የሚጀምረው ‹‹ኦርጂናል ነው›› ከሚለው ነው። በለቡ ሸራ ላይ ያለው ማሊያ አብዛኛው ቅጂ ነው፤ ገዢውም ያውቃል፤ ዋጋውም የቅጂ ዋጋ ነው። የአውሮፓ ክለብ እውነተኛ ማሊያ በአገሩ ሱቅ ስንት እንደሚሸጥ የሚያውቅ ሰው እዚህ በተጠራው ዋጋ እንደማይገኝ ይገባዋል። ስለዚህ ሻጭ ‹‹ኦርጂናል›› ሲል ሁሉም የሚሰማው ‹‹ከሌላው ሸራ የተሻለ ነው›› የሚለውን ነው። በቅጂዎቹ መካከልም ደረጃ አለ፤ ‹‹ታይላንድ›› የሚባለው ወፈር ያለ ጨርቅና ጥሩ ስፌት ያለው ሲሆን ከእሱ በታች ያለው ለአንድ የውድድር ዘመን የሚበቃ ነው። ‹‹ታይላንድ ነው›› ብሎ ታችኛውን የሸጠ ሰው ግን መስመሩን አልፏል። ሙዙን ቅቤው ውስጥ ጨምሯል።

ገዢዎች ቅጂን ከእውነተኛው የሚለዩበት ዘዴ ደግሞ ራሱ ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው። የለቡ ሊቃውንት የክለቡን አርማ በጣታቸው ዳብሰው ‹‹ተሰፍቷል፣ ኦርጂናል ነው›› ወይም ‹‹ተለጥፏል፣ ፎርጂድ ነው›› ይላሉ። ትላልቆቹ አምራቾች አንድን ማሊያ በሁለት ዓይነት ነው የሚያወጡት። ለደጋፊ የሚሸጠው አርማው ብዙውን ጊዜ የተሰፋ ነው፤ ተጫዋቾች ሜዳ ላይ ለብሰውት የሚገቡት ዓይነት ግን እንዲቀልና ቆዳ እንዳይከረክር አርማው በሙቀት የተለጠፈ ነው፤ ቁመናውም ጠበብ ያለ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ተጫዋቹ ራሱ የሚለብሰውን ቢያገኝ ‹‹ተለጥፏል፣ ጠቦኛልም›› ብሎ ይመልሰዋል፤ የተሰፋ አርማ ያለውን ቅጂ ግን ኮርቶበት ይገዛል። ቅጂ ሠሪዎችም ይህን ያውቃሉ፤ በደንብ ይሰፋሉ።

የተሻለው መለያ ደረቱ ላይ የተጻፈው የስፖንሰር ስም ነው። አርሰናል ሊጉን ሳይሸነፍ የፈጸመበት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር የ2003–04 ዘመን ማሊያ ናይኪ ሠርቶት ‹‹ኦቱ›› የሚል የስልክ ኩባንያ ስም ነበረበት። ‹‹ፍላይ ኤምሬትስ›› ማሊያው ላይ የመጣው በ2006 ነው። ማንቸስተር ዩናይትድ ሦስት ዋንጫ ያነሳበት የ1999 ማሊያ ደግሞ አምብሮ ሠርቶት ‹‹ሻርፕ›› የተጻፈበት ነው። ‹‹የአርሰናሉ የኦንሪ የ2003–04 ማሊያ ነው፣ ከእንግሊዝ የመጣ›› ተብሎ ደረቱ ላይ ኤምሬትስ የሚታይበት ማሊያ ሲቀርብ ገዢው ዋጋ ከመጠየቅ በፊት ታሪክ መጠየቅ ይችላል። ቁጥሩ የኢትዮጵያ ዓመተ ምሕረት የሚመስለውን ሰው ግን ይህ ሁሉ አይረዳውም፤ የሰባት ወይም የስምንት ዓመቱ ልዩነት ተደባልቆበት የሌላ ዘመን ማሊያ እንደዚያ ዘመን ቅርስ የገዛ ይኖራል።

ማሊያ ከልብስነት አልፎ የሚሰበሰብ ዕቃ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ይህን ሥራ የሚሠራው ካርድ ነው። የተጫዋች ሥዕል ያለበት ትንሽ ወረቀት መጀመሪያ ከሲጋራ፣ በኋላ ከማስቲካ ጋር ይሸጥ ነበር። በጣሊያን ከተማ በሞዴና እ.ኤ.አ. በ1961 የተመሠረተው ፓኒኒ ከ1970ው የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ ጀምሮ ተለጣፊ ምስሎቹን ከነአልበማቸው ለዓለም አዳርሷል። በለቡ ይህን የመሰለ የካርድ ተራ የለም። የካርዱ ዓለም ችግር ግን ከሸራው ችግር ጋር ወንድማማች ነው፤ ገንዘቡ ብቻ ይለያል።

ከካርዶች ሁሉ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1909 እና በ1911 መካከል አንድ የአሜሪካ የትምባሆ ኩባንያ ያወጣው የቤዝቦል ተጫዋቹ የሆነስ ዋግነር ምስል ነው። ቀርቶ የሚታወቀው ጥቂት ደርዘን ብቻ ነው፤ አንዱ በ2022 ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጧል። በዚያው ዓመት የ1952ቱ የሚኪ ማንትል ካርድ 12.6 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ወረቀት እንዲህ ዋጋ ሲያወጣ መርማሪ ያስፈልጋል። ስለዚህ ካርዱን አይተው ከ1 እስከ 10 ነጥብ የሚሰጡ፣ በላስቲክ መያዣ የሚያሽጉ ድርጅቶች ተፈጠሩ። ከእነሱ ታላቅ የሆነው ፒኤስኤ ሥራ ሲጀምር በመጀመሪያ ቁጥር የመሰከረለት ካርድ አንድ የዋግነር ካርድ ነበር፤ 8 ነጥብ ሰጠው። በ1991 የሆኪ ተጫዋቹ ዌይን ግሬትዝኪ ከሸሪኩ ጋር ሆኖ በ451,000 ዶላር ገዛው። በ2013 ቢል ማስትሮ የተባለው ነጋዴ የካርዱን ጠርዝ እሱ ራሱ ቆርጦ እንዳስተካከለው በፍርድ ቤት አመነ። ለእውነተኛነት የቆመው ድርጅት የመጀመሪያ ምስክርነቱን የሰጠው ጠርዙ ተቆርጦ ለተስተካከለ ዕቃ ነበር ማለት ነው። ዳኝነቱ በጣት ዳሰሳ የሆነ የለቡ ሊቅ ይህን ቢሰማ ባልተደነቀ።

ማስትሮ የታሰረው ግን በካርዱ መቆረጥ ብቻ አይደለም። በጨረታዎቹ ላይ ዋጋ የሚያስወጡ የሐሰት ተጫራቾች ያስገባ ነበር። ይህን ጥበብ ለመማር አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም። በሸራው ዙሪያ ከቆሙት ሰዎች አንዱ ‹‹ባለፈው ከዚህ የወሰድኩት እስካሁን አዲስ ነው›› ብሎ ቢናገር፣ ቀጥሎም የገዢው ዓይን ያረፈበትን ማሊያ አንስቶ ‹‹አንድ አምስት መቶ ልስጥህ?›› ቢል የሻጩ ጓደኛ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። እንዲህ ያለው ሰው አንድ መለያ አለው፤ የሚፈልገው መጠን ምንጊዜም ገዢው የሚፈልገው መጠን ነው፤ አካሉ ግን ሌላ ነው።

እስካሁን የተወራው ስለ ሻጭ ነው። የገዢ ሐቀኝነት ከዚያ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ማንም አይጠይቀውም። ጉዳዩ ጎልቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 በቺካጎ አቅራቢያ በአንድ የካርድ ሱቅ ነው። የቤዝቦል ተጫዋቹ የኖላን ራያን የመጀመሪያ ዘመን ካርድ ዋጋ 1,200 ዶላር ተብሎ ነበር፤ ቁጥሩ የተጻፈበት መንገድ ግን 12 ዶላር ሊመስል ይችላል። ለጊዜው ሱቁን የያዘች ሻጭ 12 ዶላር መሰላትና ለአንድ ታዳጊ ልጅ ሸጠችለት። ባለሱቁ ከሰሰ። ልጁ በሺህ የሚቆጠር ካርድ ያለው ሰብሳቢ ስለነበር ዋጋውን ያውቅ ነበር አላወቀም የሚለው ዋናው ጥያቄ ሆነ። ክርክሩ ሳያልቅ ልጁ ካርዱን በሌሎች ካርዶች ለውጦት ተገኘ። በመጨረሻ ተስማምተው ካርዱ በጨረታ ተሽጦ ገንዘቡ ለበጎ አድራጎት ዋለ። ሁለቱም አላገኙትም፤ ይህም ለአንድ ክርክር መጥፎ መጨረሻ አይደለም።

በለቡ ይህ ጥያቄ የሚነሳው ሰልባጅ ክምር ላይ ነው። በክምሩ ውስጥ ያገለገለ ማሊያ ከሸሚዝና ከፒጃማ ጋር ተደባልቆ በአንድ ዋጋ ይሸጣል። ሻጯ የምታየው ጨርቅና ቀዳዳ ነው። ገዢው እጁን ሰዶ ሲያወጣ ‹‹ሻርፕ›› የተጻፈበት፣ ሰፊ አንገትጌ ያለው፣ የውስጥ መለያው ያልተቆረጠ ቀይ ማሊያ ቢያገኝ ምን ማድረግ አለበት? በልማዱ የሚያደርገው ፊቱን ማጠንከር ነው። ከዚያ የባሰም ያደርጋል፤ ማሊያውን ገልብጦ ‹‹አሮጌ ነው እኮ፣ ቀንሺ›› ይላል። የመጀመሪያው ዝምታ ነው፤ ሻጯ በጥራት ሳይሆን በክምር ስለምትሸጥ፣ ለመፈለግ የደከመ ሰው የድካሙን ቢያገኝ አይፈረድበትም። ሁለተኛው ግን የዕቃ ውሸት ነው፤ አሮጌነቱ ዋጋውን የሚጨምር መሆኑን እያወቀ አሮጌ ስለሆነ ቀንሺ ማለት ሻጭ ቅቤው ላይ ከሠራው አይለይም። ‹‹ይሄ ምንድን ነው፣ ጥሩ ነው እንዴ?›› ብላ ከጠየቀችው ደግሞ ዝምታውም ያልቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ‹‹ለወንድሜ ነው›› ብሎ ያመልጣል፤ ጥያቄው ስለ ወንድሙ ባይሆንም።

ሕጉም ከሰፈሩ ልማድ ብዙ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በስሕተት፣ በተንኮል ወይም በኃይል የተደረገ ውል እንዲፈርስ መጠየቅ እንደሚቻል በቁጥር 1696 ይደነግጋል። ቁጥር 1704 ስለ ተንኮል ሲናገር ያታለለው ወገን ድርጊት ባይኖር ሌላው ውሉን ባላደረገ ነበር ወይ ብሎ ይመረምራል። ‹‹ዋናዬ ነው›› የሚለው መሐላ ይህን ፈተና ማለፉ አያሳስብም፤ አምኖት የገዛ የለም። ‹‹የኦንሪ ማሊያ ነው›› የሚለው ግን ሊወድቅ ይችላል። እርግጥ በአንድ ማሊያ ምክንያት ፍርድ ቤት የሚሄድ የለቡ ሰው ከማሊያው በላይ ለታክሲ ያወጣል።

ከኢትዮጵያ ማሊያዎች ለሰብሳቢ የሚሆነው የትኛው ነው ቢባል ሁለት ቀን ይነሳል። አንደኛው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም ነው፤ በአዲስ አበባ ስታዲየም የኢትዮጵያ ቡድን ከጭማሪ ሰዓት በኋላ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳበት፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለበት። የዚያን ቀን ማሊያ በሸራ ላይ አገኘሁ የሚል ሻጭ ካለ ክርክር ሳይሆን ሙዚየም ያስፈልገዋል። ሁለተኛው ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም ነው። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው በደቡብ አፍሪካ ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ተለያዩ፤ ግቧን አዳነ ግርማ አገባ። የዚያ ሰሞን ማሊያ በከተማው በየመንገዱ ስለተቸበቸበ ቅጂው ዛሬም አይጠፋም። ‹‹ከተጫዋቹ እጅ የተቀበልኩት ነው›› የሚል ሻጭም እንዲሁ አይጠፋም። እንዲህ ሲባል ጠቃሚው ጥያቄ ‹‹ስንት ነው?›› ሳይሆን ‹‹ስንት ቁጥር ነበር የሚለብሰው?›› የሚለው ነው። ሻጩ ማሊያውን ገልብጦ ጀርባውን ካየ በኋላ ከመለሰ መልሱ ተገኝቷል።

ዋጋው ከተቆረጠ በኋላም ጥቂት የሐቀኝነት ጉዳዮች ይቀራሉ። ቡቲክ ውስጥ ‹‹በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?›› የሚል ጥያቄ ሊመጣ ይችላል፤ 15 በመቶ የሆነው ተጨማሪ እሴት ታክስ በዚህች ጥያቄ ይደበቃል። ሁለት ሰዎች እርስ በርስ በሐቅ ሲስማሙ ሦስተኛውን፣ መንግሥትን፣ አብረው የሚያታልሉበት ቦታ ይህ ነው፤ ከክርክሩ ሁሉ ፈጥነው የሚስማሙበትም ይኸው ነው። ሸራው ላይ ደግሞ የቴሌብር ጉዳይ አለ። አገልግሎቱ በ2013 ዓ.ም ከተጀመረ ወዲህ ‹‹ላኩልህ›› ብሎ የሐሰት ስክሪንሻት ማሳየት አዲስ የገዢ ውሸት ሆኗል። ስለዚህ ሻጩ የገዢውን ስልክ አያይም፤ የራሱን ነው የሚያየው፤ መልእክቱ እስኪገባም ማሊያውን በአንድ እጅጌው ይዞ ይቆያል። ገዢው ሌላኛውን እጅጌ ይይዛል። ኔትወርክ በሌለበት ምሽት ሁለቱ እንዲህ ሆነው ስለ ሰሞኑ ጨዋታ ያወራሉ።

መመለስ በሸራ ንግድ አይታወቅም፤ መቀየር ግን ይቻላል። ሕጉ ገዢው ዕቃውን ቶሎ እንዲመረምርና ጉድለቱን ለሻጩ እንዲያሳውቅ ይጠብቃል፤ የለቡ ልማድም ‹‹ካልታጠበ ይቀየራል›› በሚል ሕግ ይህንኑ ይላል። ጠበበኝ፣ ረዘመብኝ፣ ቁጥሩ ተነቀለ የሚሉ አቤቱታዎች በማግሥቱ ይሰማሉ። ተጫዋቹ ክለብ ቀየረ የሚል አቤቱታ ግን ተቀባይነት የለውም፤ በየዓመቱ በዝውውር ሰሞን በሁለትና በሦስት ሰዎች መቅረቡ ግን አልቀረም። ቀለሙ ለቀቀ ለሚል ሰው የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ ‹‹በሙቅ ውኃ አጥበኸው ነው።›› ገዢው በቀዝቃዛ እንዳጠበው በእናቱ ይምላል። ሻጩም አምኖት ለሚቀጥለው ማሊያ ሁለት መቶ ብር ይቀንስለታል፤ የሚቀጥለውን ማሊያ ግን መጀመሪያ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ብሎ ይጠራለታል።